ለአሮጌ ላንድክሩዘር የትኛው የአየር ፊልትሮ ያዋጣል?

አሮጌ ላንድክሩዘር ያለው ሰው ለጎማ ሲሆን ሳምንት ሙሉ ያማክራል። ለሞተር ዘይት እስከ መኳረፍ ይከራከራል። የአየር ፊልትሮ ላይ ሲደርስ ግን «አንድ የላንድክሩዘር ፊልትሮ ስጠኝ» ይልና የተሰጠውን ይዞ ይሄዳል። ያው ወረቀት አይደል?

እስቲ ሞተሩ የሚስበውን አየር እንቁጠረው። ሃርድቶፑም ፒክአፑም በብዛት የተሸከሙት ሞተር ዋን ኤችዜድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ፣ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው ናፍታ። በደቂቃ 2,000 ዙር ሲዞር በስሌት ወደ 4,000 ሊትር አየር ይስባል። ሁለት ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ በየደቂቃው ባዶ እንደማድረግ ነው። ያ ሁሉ አየር ከአዲስ አበባ አስፋልት ላይ ሲሳብ አንድ ነገር ነው። በበጋ፣ በፒስታ መንገድ፣ ከፊት ሌላ መኪና እያቦነነ ሲሳብ ሌላ ነው። አቧራው ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ ደግሞ ከሲሊንደሩ ብረት ይጠነክራል። ከገባ ፋሻውንና ካሚቻውን፣ ማለትም የፒስተኑን ቀለበትና የሲሊንደሩን ግድግዳ፣ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ሞተሩ ዘይት መጠጣት፣ በዘይት መሙያው በኩል መተንፈስ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ሞተር ማውረድ ነው።

ስለዚህ የእኔን አቋም አስቀድሜ ልናገር። ፊልትሮ ሲመረጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «ወረቀቱ ጥሩ ነው ወይ?» አይደለም። «ቤቱ ውስጥ ልክ ይቀመጣል ወይ?» ነው። ቤቱ ማለቴ ፊልትሮው የሚገባበት ጣሳ ነው። በጎኑ የሚያሾልክ ምርጥ ፊልትሮ፣ ልክ ከተቀመጠው መካከለኛ ፊልትሮ ይብሳል። በጎን የሚገባው አየር ጭራሽ አልተጣራማ።

ቁጥሩን ከየት እናምጣ?

መለዋወጫ ልትገዙ ሶማሌ ተራ ስትገቡ የመጀመሪያው ጥያቄ «የስንት ዓመተ ምህረት ነው?» የሚል ነው። ለአዲስ መኪና ይሠራል። ለሠላሳ ዓመት መኪና ግን ዓመቱ ብቻውን ብዙም አይነግራችሁም። አንዳንዱ ሞተሩ ተቀይሯል። አንዳንዱ ሞተሩ ያው ሆኖ የፊልትሮው ቤት ከሌላ መኪና የመጣ ነው። ፊልትሮው የሚከተለው ሊብሬውን ሳይሆን ቤቱን ነው።

የቶዮታ መለዋወጫ ቁጥር ባብዛኛው አሥር አሃዝ ነው። አምስት፣ ሰረዝ፣ አምስት። የአየር ፊልትሮ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ አምስቱ 17801 ናቸው። የኋለኞቹ አምስቱ የትኛው ፊልትሮ እንደሆነ ይለያሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዋን ኤችዜድ ላይ በብዛት የሚገኘው 17801-61030 ነው። በብዛት አልኩ እንጂ ሁሉም አላልኩም፤ ከራሳችሁ መኪና ጋር አመሳክሩት። የሌላ ብራንድ ካርቶን ላይም ይህ የቶዮታ ቁጥር ብዙ ጊዜ በማመሳከሪያነት ይጻፋል። ስለዚህ በመኪና ስም ሳይሆን በቁጥር ጠይቁ። ዱባይ ወይም አሜሪካ ያለ ዘመድ እንዲልክላችሁ ካሰባችሁ ይህ ምክር እጥፍ ይሆናል። ዋን ኤችዜድ ለአሜሪካ ገበያ ያልቀረበ ሞተር ነው። እዚያ ያለው ወንድማችሁ በሞዴሉ ስም ከጠየቀ «የለም» ተብሎ ሊመለስ ይችላል።

ቁጥር ከጠፋ ልኬት አለ። የውጭው ስፋት፣ የውስጡ ቀዳዳ ስፋት፣ ላስቲኩን ጨምሮ ቁመቱ፣ ከታች ዝግ ነው ወይስ ክፍት፣ የብሎኑ ቀዳዳ ስንት ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ካሊፐር ካለ እሰየው።

አሮጌውን በፌስታል ይዞ መሄድም ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር አለው። ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው የገጠመው ራሱ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚናገረው ላስቲኩ ነው። አሮጌውን አውጡና ላስቲኩ ላይ ቤቱ የተወውን ምልክት ተመልከቱ። ዙሪያውን እኩል የገባ፣ ያልተቋረጠ ክብ ካለ ልኩ ትክክል ነበር። በአንድ ወገን ጠልቆ በሌላው ከጠፋ ወይም አቧራ ላስቲኩን አቋርጦ ወደ ውስጥ መስመር ከሠራ ያንን ፊልትሮ ይዛችሁ «እንዲህ ያለ ስጠኝ» እንዳትሉ። ስህተቱን በአዲስ ገዛችሁት ማለት ነው።

ኦርጅናል

የቶዮታ ኦርጅናል ዋናው ጥቅሙ መቀመጡ ነው። ቁመቱ፣ የላስቲኩ ልስላሴ፣ የብሎኑ ቀዳዳ ሁሉም ለዚያ ቤት የተሠራ ነው። ቁጥሩ ትክክል ከሆነ ከዚያ በኋላ እዳው ገብስ ነው።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛው ዋጋው ነው፤ ከዶላሩ ጋር ይወጣል። ሁለተኛው ፎርጅዱ ነው። ዘይትና ፊልትሮ ቶሎ ቶሎ የሚሸጡ ዕቃዎች ስለሆኑ አስመሳዮች ይወዷቸዋል። ገበያ ውስጥ «ኦርጅናል» የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ደረጃ አለው። «ኦርጅናል ነው» እና «ዋናው ኦርጅናል ነው» የሚሉ ሁለት ዋጋዎች በአንድ ሱቅ ስትሰሙ ነገሩ ይገባችኋል። ካርቶኑ ብቻውን አያሳምናችሁ። አውጥታችሁ እዩት። ምን እንደሚታይ ዝቅ ብዬ እመጣበታለሁ።

ስም ያለው ሌላ ብራንድ

ቪክ፣ ሳኩራ፣ ማን (MANN)፣ ማህሌ፣ ዶናልድሰን፣ ፍሊትጋርድ። እነዚህ ፊልትሮ መሥራት እንጀራቸው የሆነ ናቸው። ቪክ የጃፓን፣ ሳኩራ የኢንዶኔዥያ፣ ማን የጀርመን ነው። ትክክለኛው ቁጥር ከተገኘ ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ይህንን ነው። ከኦርጅናሉ የሚተርፈው ብር ለመጠባበቂያ ሁለተኛ ፊልትሮ ይሆናል። መስክ ለሚወጣ መኪና ደግሞ አንድ ኦርጅናል ከመያዝ ሁለት ጥሩ ፊልትሮ መያዝ ይሻላል፤ አንዱ ሞተር ላይ፣ አንዱ በካርቶኑ ከወንበር ኋላ።

እነዚህም ፎርጅድ ይሠራባቸዋል። ስለዚህ የምታውቁት ሱቅ ይኑራችሁ። ደረሰኝ የሚሰጥ፣ ካልገጠመ የሚመልስ። «ካልገጠመ እመልሰዋለሁ» ስትሉት ፊቱ የሚጠቁር ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ስም የለሹ ርካሽ

ከሩቁ ሲታይ ያው ነው። ቀለሙ ያው፣ ቅርጹ ያው። እጅ ላይ ሲወጣ ነው የሚለየው።

መጀመሪያ እጥፋቱን ቁጠሩ፤ ቢያንስ በዓይን አነጻጽሩ። ወረቀቱ ሳሳ ብሎ ከታጠፈ የወረቀቱ ጠቅላላ ስፋት ያንሳል። ቶሎ ይደፈናል። እጥፋቶቹ እኩል ካልተራራቁ፣ አንዳንዶቹ ተጣብቀው ሌላ ቦታ ከተከፈቱ፣ ሙጫው አልያዛቸውም ማለት ነው። ቀጥሎ ወረቀቱ ከላይና ከታች ክዳኑ ጋር የተገናኘበትን ቦታ ተመልከቱ። የስልክ መብራት ወደ ውስጥ ክተቱና ከውጭ እያዞራችሁ እዩ። በወረቀቱ በኩል ደብዘዝ ያለ ብርሃን ያለ ነው። እንደ መርፌ ቀዳዳ የሚወጋ ብርሃን ከታየ ግን አስቀምጡት። ለማንም አትስጡት።

ከዚያ ላስቲኩ። በአውራ ጣት ተጫኑት። ገብቶ መመለስ አለበት። እንደ ፕላስቲክ ደርቆ እምቢ ካለ የቤቱን ትንሽ ጉድለት አይሞላም። አሮጌ ቤት ደግሞ ጉድለት አያጣውም። ተጣሟል፣ ተቀጥቅጧል፣ አንዴ ተበይዷል።

ግን ከሁሉም የሚብሰው ቁመቱ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሞተር የሚበላው በዚህ ነውና። የላንድክሩዘሩ ፊልትሮ ቤቱ ውስጥ የሚያዘው በመሃል ብሎንና ባለ ክንፍ ዳዶ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ፊልትሮውን ወደ ቤቱ ይጫነዋል፤ ላስቲኩ ይጨቆናል፤ መግቢያው ይዘጋል። ፊልትሮው ጥቂት ሚሊሜትር ካጠረ ዳዶው የብሎኑ ጥርስ ጫፍ ላይ ደርሶ ይቆማል። እጃችሁ «ጠብቋል» ይላችኋል። ፊልትሮው ግን አልተጨቆነም። ይህን የምታውቁት ዳዶውን ካጠበቃችሁ በኋላ ፊልትሮውን በእጅ ለማዞር በመሞከር ነው። ከዞረ አልዘጋም። አንዳንድ መካኒክ ሮንዴላ ጨምሮ ያጠብቀዋል። ለመንገድ ላይ ችግር እቀበለዋለሁ። ለቋሚ ግን ትክክለኛው ቁመት ይገዛ።

ተነፍቶ የተመለሰ አሮጌ

ይህ ደግሞ ምርጫ ነው ወይ ትላላችሁ። እንዴታ! በየመንገዱ የሚታየው እሱ ነው። ጎሚስታ ጋ ቆሞ ፊልትሮውን በኮምፕረሰር ማስነፋት።

ወረቀቱ ላይ ቀለል ያለ ደረቅ አቧራ ካለ ማስነፋት ኃጢአት አይደለም። ግን የጎማ ኮምፕረሰር ግፊት ለወረቀት ከባድ ነው። ወደ 2 ባር ይበቃል። ቱቦውን ራቅ አድርጎ፣ ሁልጊዜ ከውስጥ ወደ ውጭ። ከውጭ የሚነፋ ሰው አቧራውን ወደ ንጹሁ ወገን እየጋገረው ነው። መሬት ላይ ወይም ጎማ ላይ መደብደቡም ይቅር። አቧራው ይረግፋል፤ ክዳኑም ይጣመማል። በኦሞ አጥቦ ፀሐይ ላይ ማስጣት ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ወረቀቱ ያብጣል፤ ሙጫው ይላቀቃል። አንዳንድ የከባድ መኪና ፊልትሮ እንዲታጠብ ተብሎ ይሠራል። ያ ከሆነ በላዩ ተጽፏል። ካልተጻፈ አይታጠብም።

ብዙ ሰው የማያምነኝ አንድ ነገር ልጨምር። ትንሽ የቆሸሸ ፊልትሮ ከአዲሱ የተሻለ ያጣራል። ወረቀቱ ላይ የተቀመጠው ስስ አቧራ ራሱ የሚመጣውን አቧራ ይይዛል። ስለዚህ በየሳምንቱ ከፍቶ የሚያስነፋ ሰው ለሞተሩ የተጨነቀ ቢመስለውም ሞተሩን እየጎዳ ነው። ቤቱ በተከፈተ ቁጥርም ትንሽ አቧራ ወደ ንጹሁ ወገን ይወድቃል።

የሚታጠበው ጥጥና ስፖንጅ

ዘይት የተቀባ የጥጥ ፊልትሮ፣ ለምሳሌ የኬ ኤንድ ኤን ዓይነት፣ በአንድ ግዢ ለዓመታት ይባልለታል። አየር በቀላሉ ማሳለፉም እውነት ነው። ለአስፋልት መኪና አልከራከርም። ለፒስታ ግን አልመክረውም። ጥሩ የወረቀት ፊልትሮ ከሚደርስበት አቧራ ከ99 በመቶ በላይ ይይዛል። የጥጡ ፊልትሮ ደቃቁን አቧራ በመያዝ በአብዛኛው ከዚህ ዝቅ ይላል። 99 እና 97 ቅርብ ይመስላሉ። የሚያልፈውን ስታሰሉት ግን ከ100 ግራም አቧራ አንዱ 1 ግራም፣ ሌላው 3 ግራም ያሳልፋል። ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው።

ደግሞ ጣጣው አለ። የራሱ ማጠቢያ፣ የራሱ ዘይት። ዘይቱ ካለቀ የሞተር ዘይት የሚቀባው አይጠፋም። ቱርቦ የሌለው አሮጌ ናፍታ ከዚህ ሁሉ የሚያገኘው ጉልበት ደግሞ ሹፌሩ የሚሰማው አይመስለኝም።

ስፖንጁን የምወደው በሌላ ሥራው ነው። በወረቀቱ ላይ እንደ ካልሲ የሚለበስ የስፖንጅ ቅድመ ማጣሪያ አለ። ትልልቁን አቧራ ይይዛል፤ ወረቀቱ ዕድሜ ያገኛል። ማታ ካምፕ ላይ አውልቆ ማጠብ ይቻላል። ቤቱ ውስጥ እንዳይጣበብ ብቻ ተጠንቀቁ።

ባለ ዘይቱ

የድሮው ባለ 40 ሲሪስ ላንድክሩዘር ወይም ሲሪስ ላንድሮቨር ያላችሁ ፊልትሮ ፍለጋ ሄዳችሁ ቤቱን ስትከፍቱ ወረቀት ላታገኙ ትችላላችሁ። ሳህን ውስጥ ዘይት፣ ከላይ የሽቦ መረብ። አየሩ ዘይቱ ላይ በኃይል ይታጠፋል፤ አቧራው መታጠፍ አቅቶት ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ብልህ ነገር ነው። የሚገዛ ነገር የለውም። በናፍታ ይታጠባል፤ እስከ ምልክቱ የሞተር ዘይት ይጨመርበታል፤ ያልቃል።

ከወረቀት ግን ያነሰ ያጣራል፤ በተለይ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞርና አየሩ ኃይል ሲያጣ። መኪናው በጣም ካዘነበለ ደግሞ ዘይቱ ወደ ሞተሩ ሊሳብ ይችላል። ከምልክቱ በላይ አትሙሉ። ናፍታ ሞተር ዘይት ከሳበ ዘይቱን እንደ ነዳጅ ያቃጥላል፤ ቁልፍ ብታጠፉም አልቆም ሊል ይችላል።

ጤነኛ ባለ ዘይት ካላችሁ ተዉት፤ በየጊዜው እጠቡት። ወደ ወረቀት መቀየር ካማራችሁ ከሌላ መኪና ሙሉውን ቤት ከነማኒኮቶው (ወደ ሞተሩ ከሚሄደው የላስቲክ ቱቦ ጋር) አምጡ። አሮጌው ጣሳ ውስጥ ወረቀት በጉልበት የከተተ ሰው መኪና አይቻለሁ። ዙሪያውን ጣት ያስገባ ነበር።

ለማን የቱ?

አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ የሚሄድ መኪና ስም ባለው ብራንድ ይኑር። ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆንን አየሩ ባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ገደማ ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከወዲሁ ትንፋሽ አጥሮታል። እንጦጦ ሲወጣ ጥቁር ጭስ ከጨመረ መጀመሪያ ፊልትሮውን እዩ። ኢንጀክተር ከማስፈታት ይረክሳል።

ቱርሚ፣ ያቤሎ፣ አፋር የሚመላለስ ሁለት ጥሩ የወረቀት ፊልትሮና አንድ ስፖንጅ ይያዝ። ዳናኪል ለቱሪስት ሥራ በኮንቮይ የሚሄድ ሹፌር ደግሞ የፊተኛውን መኪና አቧራ ሲውጥ የሚውል ነው። ለእሱ ስኖርክል (ወደ ላይ የወጣ የአየር መሳቢያ ቱቦ) እና እላዩ ላይ አቧራውን እያሽከረከረ የሚጥል ቅድመ ማጣሪያ ያዋጣዋል። ስኖርክል ለወንዝ ብቻ አይደለም። መሳቢያውን ከጎማው ደመና በላይ ያወጣዋል። ከሁሉም የሚረክሰው መፍትሔ ግን ከፊተኛው መኪና መራቅ ነው። ነጻ ነው፤ የሚያደርገው ግን ጥቂት ነው።

አገጣጠሙ

ሞተሩ ይጥፋ። ኮፈኑን ከፍታችሁ ቤቱን ሳትከፍቱ ውጭውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ክዳኑን አንሱ፤ ዳዶውን ፍቱ፤ ፊልትሮውን ሳታጋጩ ቀስ ብላችሁ ሳቡት።

አሁን ንጹህ ነጭ ጨርቅ በጣታችሁ ጠቅልላችሁ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቱቦ ውስጡን አንዴ ጥረጉ። ጨርቁ ንጹህ ከወጣ አሮጌው ሥራውን ሠርቷል። አቧራ ይዞ ከወጣ የሚያሾልክ ቦታ አለ፤ አዲስ ፊልትሮ ብቻውን አያድነውም። ቤቱን በእርጥብ ጨርቅ አጽዱ። አትንፉት፤ አቧራው ወደ ሞተሩ ይሄዳል።

ከቤቱ በታች ምላስ የምትመስል ትንሽ ላስቲክ አለች። ብዙ ሰው አያውቃትም። ቤቱ ውስጥ የተጠራቀመውን አቧራ የምታራግፈው እሷ ናት። በሁለት ጣት ቆንጥጧት፤ አቧራ ትተፋለች። ከተቀደደች ወይም ከሌለች ያልተጣራ አቧራ ከሞተሩ ሙቀት ጋር ከታች ይገባል፤ ፊልትሮው ያለ ዕድሜው ይደፈናል። ርካሽ ናት፤ ግዙላት።

አዲሱን አስገቡ፤ ላስቲኩ ወደ ቤቱ መግቢያ ይዙር። ማስቲሽ፣ ሲሊኮን ምናምን አይቀባ። ዳዶውን በእጅ አጥብቁ፤ በፒንሳ አይደለም። ፊልትሮውን ለማዞር ሞክሩ፤ መዞር የለበትም። ከቤቱ እስከ ሞተሩ ያለውን ማኒኮቶ እጥፋቱን እየከፈታችሁ ስንጥቅ ፈልጉ። ፋሸታዎቹን (የማኒኮቶውን ማሰሪያ ቀለበቶች) በካቻቪቴ አንድ አንድ ዙር ሞክሯቸው። ኪሎሜትሩንና ቀኑን በማርከር ፊልትሮው ክዳን ላይ ጻፉት።

በመጨረሻ ፈተናው። ቱርቦ በሌለው ሞተር ላይ ብቻ የሚደረግ ነው። ሞተሩን አስነሱና ሳይፋጠን በራሱ ይዙር። የአየር መሳቢያውን አፍ፣ ስኖርክል ካለ የስኖርክሉን አፍ፣ ላስቲክ በተለበጠ ጣውላ ግጥም አድርጋችሁ ዝጉ። በመዳፍ አይሁን፤ መሳቡ ኃይለኛ ነው። ሞተሩ አየር አጥቶ መንተፋተፍና መጥፋት አለበት። ምንም እንዳልተፈጠረ መዞሩን ከቀጠለ በሌላ በር እየተነፈሰ ነው። ያን ጊዜ ከስኖርክሉ መገጣጠሚያ ጀምራችሁ ፓራፋንጎው (የጎማው መከለያ) ውስጥ የተደበቀውን ቧንቧ፣ የቤቱን ክዳን፣ ማኒኮቶውንና ከኋላ የተደበቀችውን የመጨረሻዋን ፋሸታ በቅደም ተከተል ፈትሹ። ከእነዚህ አንዱ ጋ ታገኙታላችሁ።